ስለ ሱሌማን እጅ እውነቱ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለሀምዲያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽልን? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ባለፈው ምንጣፍ ሳነሳ ቀጭ አለብኝ ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ? የሻርጃ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ማዳምሽስ፣ ያቺ ሻይ ከቀዘቀዘ የምትቆጣዋ፣ ደህና ናት? ልጆቿስ አሁንም ካንቺ በቀር ማንም አያጎርሰንም እንዳሉ ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንን። እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ያማታል፣ እኛም በእሷ ጉልበት ጃንጥላ እንይዛለን። ሀኒ ደህና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ጉድ ናት፣ «እማዬ ስትመጣ ይበቅላሉ» እያለች ለመንገደኛው ሁሉ ታሳያለች። እኔም ደህና ነኝ። ከስታለች የሚሉሽን አትስሚያቸው፤ ያው በልቼ የማይታይብኝ ሰው ነኝ።

እንግዲህ «ደህና ነን» ማለቴ እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ባለፈው በስልክ «እናንተ ቤቱ ቢቃጠልም ደህና ነን ነው የምትሉኝ፤ እጅ ደግሞ በስልክ አይታይም፤ ቁጭ ብለሽ እውነቱን ከነጓዙ ጻፊልኝ» ብለሽ አስማልሽኝ። ምያለሁና ይኸው ጻፍኩ። እዚያው የምትሠራው ጽገረዳ ፈቃዷን ጨርሳ ቅዳሜ ወደ ሻርጃ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ማዳምሽ ስትተኛ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቅሽን ልገላግልሽ። የባልሽ የሱሌማን እጆች ሁለቱም በቦታቸው አሉ፤ ጣቶቹም አልጎደሉም፣ አልተጣመሙም። አላመንሽኝም አይደል? በይ ይህን ገጽ ገልብጪው። ሀኒ አባቷን ጠረጴዛ ላይ እጁን አስዘርግታ ዙሪያውን በእስክሪብቶ የሣለችው ነው። የግራው አውራ ጣት ያበጠ የሚመስለው ኮርኩራው ስለተንቀሳቀሰ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም።

ታዲያ «እጁ ተቆረጠ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ ትያለሽ። ከመሬት ተነስቶ አልመጣም፤ ለጥቂት ነው። ከሥሩ ልንገርሽ፣ ብቻ እያነበብሽ አትደንግጪ፣ መጨረሻው ደግ ነው።

የጋሽ ወልደአረጋይን ብረታ ብረት ቤት ሱሌማን ሲያወራ ሰምተሽ ነው እንጂ ገብተሽ አላየሽውም። ቂርቆስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ በር ላይ የሺሃረግ የምትባል ሴት ሻይ ትሸጣለች፣ ውስጥ እኛ ጆሮ እናደነቁራለን። የበርና የመስኮት ማጠፊያ ነው የምንሠራው፤ ጎተራ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች ስንቱ በር በእኛ ማጠፊያ እንደሚከፈት አላህ ይወቅ። እኔ ቶርኖ ላይ ነኝ፤ ብረቱን እያሽከረከርኩ እልጠዋለሁ። ባይሳ ላሜራ ይቆርጣል። ሱሌማን ደግሞ ፕሬሱ ላይ ነው፤ ያ ከላይ ዱብ ብሎ ላሜራውን በአንድ ምት ቅርጽ የሚያስይዘው ግዙፍ ማሽን። ከጎኑ ቮላኖ የምንለው ከባድ የብረት ጎማ አለው። ይሄ ቮላኖ እልኸኛ ነው፤ ማሽኑን ብታጠፊበትም የራሱን እስኪጨርስ መዞሩን አይተውም።

ዘንድሮ መብራት በፈረቃ ሆኗል። አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም፤ አለ በተባለበት ቀንም ደስ ሲለው ይሄዳል። እኛ ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። መብራት ሲሄድ ማሽኖቹን አናጠፋቸውም፤ ማብሪያቸውን እንዳለ እንተወዋለን። ለምን ብትዪ፣ መብራት ሲመጣ ራሳቸው ተነስተው ይነግሩናላ! ማሽኑ ጓ ሲል ሁላችንም «መጣ!» ብለን እንጮሃለን፣ ሻይ ላይ ያለው ብርጭቆውን ጥሎ ይሮጣል፣ ሰርግ ነው የሚመስለው። መብራት የሌለበትን ሰዓት ደግሞ ማሽን ለማጽዳትና ዘይት ለመቀባት እናውለዋለን፤ ማሽኑ ሞቷል፣ ምን ያደርገናል ብለን። አየሽ ሞኝነታችንን? ማብሪያው በርቷል፣ እጃችን ማሽኑ ውስጥ ነው፣ መብራት ደግሞ አንኳኩቶ አይገባም።

አንድ ቀን ባይሳ ቶርኖሽን ላጽዳልሽ ብሎኝ የብረቱን ፍቅፋቂ በእጅጌው ሲጠርግ መብራት መጣ። ገና «መጣ!» ብለን ሳንጨርስ ቶርኖው የቱታውን እጅጌ ጎርሶ እየጠቀለለ ወሰደው። ደግነቱ ቱታው ያረጀ ነበር፤ ከትከሻው ላይ ተተርትሮ ሄደና ባይሳ ባንድ እጅጌ ቀረ። እኛ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ሳቅን! ወላሂ ሳቅን። ባለ አንድ እጅጌው ሙሽራ አልነው፣ እሱም አብሮን ሳቀ። ጋሽ ወልደአረጋይ ብቻ አልሳቁም። ያ እጅጌ ቶርኖው ላይ ተጠምጥሞ ሲያዩት ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ አልተነሱም።

በማግስቱ ከመርካቶ አንድ ፌስታል ሙሉ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። ባይሳ «ጋሼ፣ ሌባ ገባ እንዴ?» ቢላቸው «ሌባውማ መብራት ነው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ ቴክኒክና ሙያ ሳለሽ ይህን ነገር ተምረሻል፣ በይ አስተካክዪው አሉኝ። መማሩንስ ተምሬአለሁ፤ መምህራችን ሲያስረዳን ግማሻችን እያንቀላፋን ቢሆንም ዋናው አልጠፋኝም። በየማሽኑ ማብሪያ ሳጥን ላይ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀለበት በየድኩ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ እጁን ማሽን ውስጥ የሚከት ሰው አስቀድሞ ያጠፋና ሳጥኑን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ራሱ ጋ ይይዛል። ቮላኖው ቀጥ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያም ማስነሻውን ተጭኖ ማሽኑ እንደማይነሳ ያያል። እጁን የሚከተው ያን ጊዜ ነው። ሲጨርስም የቆለፈው ሰው ራሱ ይከፍታል፣ ሌላ ማንም አይከፍትም፣ ጋሽ ወልደአረጋይም ቢሆኑ። መብራት ቢመጣ ቢሄድ ማሽኑ ታስሯል።

ጥሩ አይደል? አሁን ደግሞ የኛን ሰው ጉድ ስሚ።

ባልሽን ታውቂዋለሽ። የዕቁባችን ዳኛ እሱ ነው፣ የተጣላ የሚያስታርቅ እሱ ነው፣ ከካዛንቺስ ሰፈራችን ማንም አገር ቤት ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ባይሳ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን ጥሎ ስንፈልግ ዋልን። ሲገኝ «እኔ ዝርክርክ ነኝ፣ ሱሌ አንተ ጋ ትቀመጥልኝ» ብሎ ሰጠው። እሱን አይቶ ሌላው ሰጠ፣ ከዚያም ሌላው። ቆይቶማ ቁልፉን ለራሱ የያዘ ሰው «ሱሌማንን አያምነውም እንዴ?» መባል ተጀመረ፤ ይሉኝታ መጣ በቃ። በጥቂት ቀን ውስጥ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ባንድ ገመድ ተሰክቶ ሱሌማን አንገት ላይ ገባ። ሲሄድ ይንሿሿል። እሱ ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለው! አደራ ነዋ፣ ክብር ነዋ። እኔ ብቻ የራሴን አልሰጥም አልኩ፤ እማ ሳትቀር «የእህትሽን ባል በሰው ፊት ታሳፍሪዋለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ቁልፉ ሁሉ አንድ ሰው ጋ ከሆነ ጓጉንቸሩ ለጌጥ ነው ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ።

ሱሌማን ደግሞ ለሰላት ሲወጣ ሰው እንዳይቸገር ብሎ ያን የቁልፍ ዘለላ ምስማር ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። ስለዚህ ዘለላው ምስማር ላይ ከታየ ሱሌማን መስጊድ ነው ማለት ነው፤ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው።

ያን ቀን መብራት የኛ ተራ ነበር። ባይሳ ቸኩሏል፤ ከሰዓት በኋላ ስታዲየም የቡና ክለብ ይጫወታል፣ ባይሳ ደግሞ ቡና ሲጫወት የገዛ ሰርጉ ቢሆንም ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሱሌማን ፕሬሱ ውስጥ የተሰነቀረ የላሜራ ቁራጭ ሊያወጣ በሥርዓቱ አጠፋ፣ በራሱ ጓጉንቸር ቆለፈ፣ ቮላኖው እስኪቆም ጠበቀ፣ ከዚያ ከማሽኑ ኋላ ዞሮ አጎነበሰ። ሲያጎነብስ ያ ዘለላ አገጩን እየመታ አስቸገረው። አውልቆ፣ የራሱ ቁልፍ ጭምር ያለበትን ዘለላ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ስህተቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

ባይሳ መጣ። ፕሬሱ ተቆልፏል፣ ከፊት ሆኖ ሲያይ ሰው የለም፣ ሰዓቱ የዙህር ሰላት ነው፣ ዘለላው ምስማር ላይ ነው። ሱሌማን ሳይከፍት ረስቶት ሄዷል አለ በልቡ። ከዘለላው ፈልጎ ከፈተና አስነሳው። እኔ ቶርኖዬ ላይ ነበርኩ፤ ቮላኖው መዞር ሲጀምር የሚያሰማውን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ዞር ስል የሱሌማን ጫማ ከማሽኑ ኋላ ይታየኛል። ሀምዲያ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም» ስትዪኝ ኖረሻል። እንኳንም አልሰማሁሽ! «ሱሌማን!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ኦሎምፒያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሱሌማን ደንግጦ እጁን መነጨቀ፤ እጁ ወጣ፣ ጓንቱን ግን የብረቱ ጠርዝ ይዞ አስቀረው። ፕሬሱ ስላረጀ ሲነሳ ማንም ሳይነካው አንዴ የመውረድ አመል አለው። ወረደ። ጓንቱ እንደ ወረቀት ሆነ።

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሱሌማን ባዶ እጁን እያገላበጠ ያየዋል። እኔ ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁ። ባይሳ ያንን ጓንት ታቅፎ «ወንድሜን ጨረስኩት» እያለ እያለቀሰ ወደ በር ሮጠ። የሺሃረግ፣ ዘይት የጠጣ ጠፍጣፋ ጓንት ስታይ፣ እጅ መሰላት፤ ብርጭቆዎቿን ጥላ እሪ አለች። ወሬ ደግሞ ታክሲ አይጠብቅም። እኛ ካዛንቺስ ስንደርስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል፣ እማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሱሌማን በመንገዱ «ዛሬስ ባዶ እጄን ቤት አልገባም» ብሎ ባንዱ እጁ ሙዝ፣ ባንዱ ሐብሐብ ይዞ ነበር የገባው። ሴቶቹ ያልቅሱ እልል ይበሉ ግራ ገባቸው። እማ ተነስታ ሁለቱንም እጆቹን ይዛ ስትስማቸው ሐብሐቡ ወድቆ ፈረጠ፣ የሰፈር ልጆች ተቀራመቱት። አንቺ ጋ የደወለችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ ስሟን ግን አልጽፍም፤ ግማሹን ሰምታ የሮጠች ናት።

ያን ዕለት ስትደውዪ ሱሌማን እየሳቀ ያናገረሽ ውሸቱን አልነበረም፤ መትረፉ ገርሞት ነው። ጣጣው የመጣው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር። ዘለላውን ከምስማሩ አውርጄ በሰው ሁሉ ፊት ቁልፎቹን ለየባለቤቱ አደልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ለሰው የሚሰጥ፣ ለሱሌማንም ቢሆን፣ እዚህ ቤት ማሽን አይነካም አልኩ፤ ጋሽ ወልደአረጋይም ልክ ናት አሉ። ባይሳ የራሱን ተቀብሎ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አሰራት፤ ሲታጠብም አያወልቃት። ሱሌማን ግን ከፋው። «ስንት ዓመት የሰው አደራ ጠብቄ፣ አንድ ጓንት ሞተ ብለሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። የራሱን ቁልፍ ስሰጠው ሳያየኝ ተቀበለና መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀላት። እኔ ከሰው የምደብቀው ነገር የለኝም፣ የፈለገ ይውሰዳት አለ።

ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። አንድ ትሪ ላይ ቀርበን እየበላን «ሀኒ፣ አክስትሽ ውሃ ታቀብለኝ በያት» ይላል። እኔም «ሀኒ፣ አባትሽን ውሃው አጠገብህ ነው በይው» እላለሁ። ሀኒ ጨዋታ መስሏት ከምንለው በላይ ትጨምርበታለች፤ አንድ ቀን «አክስቴ ይቅርታ ብላሃለች» ብላው እኔ ላይ ሳል ተነሳብኝ። እማ ደግሞ የእኔን ስብከት ስትሰማ ከርማ ኖሮ ሥርዓቱን ቤት አስገባችው። አሁን መብራት ከሄደ ካውያ ተሰክቶ ማደር የለም፤ ነቅላ ገመዱን ጠቅልላ ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው። ልብሳችንን የምንተኩሰው እሷን አስፈቅደን ሆኗል።

እየቀለድኩ ብጽፍልሽም፣ እውነቱን ጻፊ ብለሽኛልና፣ ያኔ ፈርቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ምስማሩ ላይ የተሰቀለችውን ያቺን ቁልፍ ነበር። ሱሌማን ክፉ ሰው ቢሆን አልፈራለትም ነበር። ሰው ሲለምነው እንቢ ማለት ስለማይችል ነው የፈራሁት፤ ይሉኝታ እጁን ታስበላዋለች ብዬ። አንቺ በሌለሽበት አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ አይሻለሁ? ሀኒንስ ምን እላታለሁ?

አርብ ዕለት ደወልሽ። እኔን ካስማልሽ በኋላ ሱሌማንን ስጪኝ አልሽኝ፤ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ምን እንዳልሽው አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ሲያወራ ማዳመጥ ነውር ነው፣ ግን በሩ ክፍት ነበር፣ ጆሮዬም እንዲሁ። ስለ ቁልፏ ራሱ ሲነግርሽ፣ ከዚያም «ሻንጣሽን መልሺ፣ አትምጪ» እያለ ሲለምንሽ ሰማሁ፤ ከዚያ «እሺ፣ እሺ ሀምዲዬ፣ በቃ አታልቅሺ፣ እሺ» ሲል ሰማሁ። ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። እማ ምን ሆነህ ነው ብትለው ብርድ መታኝ አላት፤ በግንቦት ፀሐይ!

ሰኞ ጠዋት ምስማሩ ባዶ ነበር። ቁልፏ አንገቱ ላይ ናት። እኔም ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

የዚያኑ ሳምንት ፈተና መጣ። አንድ ተቋራጭ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ማጠፊያ ይጠብቃል፣ እየወጣ እየገባ ሰዓቱን ያያል። ሱሌማን ፕሬሱን ቆልፎ ቅርጽ ማውጫውን እየቀየረ ነው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ውስጥ ነው። ሥርዓቱን ያመጡት ራሳቸው ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ሰውዬው ሲያዋክባቸው ጊዜ፣ መጡና «ሱሌማን፣ አንተ ጨርስ፣ ቁልፏን ግን ወዲህ በላት፤ እንደጨረስክ ወዲያው ላስነሳው» አሉት። ሱሌማን እኚህን ሰው እንቢ ብሏቸው አያውቅም። ሲቀጥሩት ጢም እንኳ አልነበረውም፤ ሙያውን ያስያዙት እሳቸው ናቸው፣ እንደ አባቱ ነው የሚያያቸው። ቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። እኔም ቶርኖዬን አጠፋሁ።

ሱሌማን ላብ በላብ ሆነ። ቁልፏን ይነካታል፣ ይተዋታል። እጁን ከማሽኑ አውጥቶ ቆመና ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ቤቴን ቢጠይቁኝ እሰጥዎታለሁ። ይቺን ግን ሚስቴ አትስጥ ብላኛለች» አላቸው።

ጋሽ ወልደአረጋይ ትክ ብለው አዩት። ተቆጡ ብዬ ነፍሴ ወጣች። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እስኪያስነባቸው ሳቁ። «ሚስትህ ካለችማ እኔ ማን ነኝ» አሉና ተቋራጩን ክንዱን ይዘው ሻይ ሊያጠጡት ወጡ። ሱሌማን ሥራውን ረጋ ብሎ ጨረሰ፣ ራሱ ከፈተ፣ ራሱ አስነሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቂርቆስ አካባቢ ዝነኛ ሆነሻል። መዶሻ ብትለምኚ «ሚስቴ አትስጥ ብላኛለች»፣ ሲጋራ ብትለምኚ «ሚስቴ አትስጥ ብላኛለች» ሆኗል መልሱ። ባይሳ ሳይቀር ይላል፤ ሚስቱን ከየት አምጥቶ እንደሆነ እንጃ።

ማታ ትሪ ላይ ስንቀርብ ሱሌማን ቀና ብሎ አየኝና «ኩልሱም፣ ውሃ» አለኝ። በቀጥታ፣ በስሜ! ብድግ ብዬ ቀዳሁለት። ሀኒ ሥራዋን ስለቀማናት አኮረፈች።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስ። እማ፣ ዱዓዬ ካንቺ አይለይም፣ ወገብሽን በሞቀ ጨው ተኮሺው ብላሻለች። ሀኒ ጉንጭሽን በግራም በቀኝም እስማለሁ፣ ከወረቀቱ ጥግ ያለው የዘይት ጠብታ የሳምኩበት ነው ብላለች፤ ሳምቡሳ እየበላች ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ አክብረው ሰላም ብለውሻል፣ ለቤታችን ሥርዓት ያስከበረችልን እሷ ናት በያት አሉኝ። ባይሳ ሰላም ይልሻል፤ ያን ቀን ስታዲየም አልሄደም፣ ቡና ማሸነፉንም የነገርነው በማግስቱ ነው። አሁንም ስምሽ ሲነሳ አንገቱን ይደፋልና በሚቀጥለው ስትደውዪ አንድ ጊዜ አናግሪው፣ ይቅርታሽን ካፍሽ ይስማ። የሺሃረግም በእሪታዋ አፍራ ሰላምታ ልካለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በያለበት እንዴት ነሽ ይልሻል።

ሱሌማን ቀረ። ትናንት ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ሰላምታህን ልጻፍልህ ስለው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ጓጉንቸር ሲገዛ ሁለት ቁልፍ አለው አይደል፤ የሁላችንን ሁለተኛ ቁልፍ ማንም እንዳይጠቀምበት ጋሽ ወልደአረጋይ በመዶሻ አስቀጥቅጠው አስጥለውታል። የሱሌማን ብቻ ጠፋች ተብሎ አልተገኘችም ነበር። ለካ ኪሱ ይዟት ኖሯል። አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራትና «ይቺን ለሀምዲያ ላኪልኝ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ካለች አንድ ቀን አንዱ ሲለምነኝ እሰጠዋለሁ። ሻርጃ ድረስ ሄዶ የሚለምናት ግን የለም» አለኝ። ይኸው በእማ የድሮ ሻሽ ቅዳጅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ለጽገረዳ ሰጥቻታለሁ። ትንሽ ናት፣ እንዳትጠፋብሽ። ማዳምሽ ቦርሳሽ ውስጥ አይታ የምን ቁልፍ ነው ካለችሽ፣ የባሌ የእጁ ቁልፍ ናት በያት።

እህትሽ ኩልሱም

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 13 ቀን 2001 ዓ.ም.